የቁም ሳጥኑ ብርጭቆ

እኔን የሚጠይቀኝ የለም። በዚህ መንደር የትምባሆ ነገር ሲነሣ ወንዶቹ ይጠየቃሉ፤ የሙታን ነገር ሲነሣ ደግሞ ኔሬይዳ ትጠየቃለች። እኔ መሐል ላይ እንደተረሳ አሮጌ ወንበር እታለፋለሁ። ዕድሜ ልኬን ጭኔ ላይ ቅጠል ዘርግቼ አውራ ጅማቱን ስለይ የኖርኩ ሴት ነኝ። በሳን ሁዋን ምድር የተጠቀለለ ደህና ሲጋር ሁሉ መጀመሪያ የእኔን ወይም የመሰሎቼን ጭን አልፎ ነው የሄደው። ስሙ ግን ሲጋሩን የሚጠቀልለው የጠቅላዩ ነው። ይሁን፤ ጠቅላዩ ባሌ ኤቬልዮ ስለነበር አልቀናበትም፤ አፈሩን ያቅልለት። አሁን አሁን ደግሞ ሌላ ወሬ ጀምረዋል፤ ኤርሚንያ ጭንቅላቷ ላልቷል ይላሉ። ይህንንም የሚሉት ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆመው የእኔን ስኳር እየላሱ ነው። ጆሮዬ እንደሆነ ደህና ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዶሮዎቹን ከዝናቡ አስገብቼ ስመለስ የኋለኛው ክፍል ተከፍቶ አገኘሁት። የባሌ እህት ኔሬይዳ ቁም ሳጥኔን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ አንገቷን አስግጋ ውስጡን ትቃኛለች።

"ዝጊው!" ብዬ ጮህኩባት። "ወዙን ታስወጪብኛለሽ!"

"ውጭው እንዳለ ውሃ ሆኖ የምን ወዝ ነው የሚወጣው?" አለች፣ ዘወር እንኳ ሳትል። "ብርጭቆው ጎድሏል፣ ኤርሚንያ።"

"ትምባሆ ውሃ ይጠጣል። ስንቴ ልንገርሽ?"

"የሚጠጣውንማ እኔ አውቀዋለሁ።"

"አንቺ ምን የማታውቂው አለ! የኦቪድዮ ላም መንታ ትወልዳለች ብለሽ አንዱን ጥጃ አስቀድመሽ የለመንሽ ሴት አይደለሽም? ላሟ ምን ወለደች?"

"ላሟን ተያት" አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ገፋችው። "በዚያ ጀልባ የሄዱት ልጆች እናቶች ሁሉ ብርጭቆ አስቀምጠውላቸዋል። አንቺ ብቻ ቀረሽ። ልጁ ይጠማል እኮ። እዚያ ጨው ውስጥ ሆኖ…"

"አፍሽን ዝጊ!"

ዘጋች። ኔሬይዳ አፏን የምትዘጋው ተሸንፋ ሳይሆን ትንፋሿን ለመሰብሰብ እንደሆነ ግን የማላውቅ እንዳይመስላት።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት በነጭ ጨርቅ ላይ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይቀመጥለታል፤ ሙታን ይጠማቸዋል። አውሎ ነፋሱ ጣራዋን ከነጠቃት ወዲህ ኔሬይዳ ከእኔ ጋር ናት፤ ስትመጣም ከልብሷ በፊት ብርጭቆዎቿን ነው ይዛ የመጣችው። ሳሎኔ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ነጥቃኝ እናቷን፣ አባቷን፣ ኤቬልዮን ደርድራበታለች። በሕይወቱ ውሃ ቀምሶ የማያውቀው ሰካራሙ ባሏ ሳይቀር የራሱ ብርጭቆ አለው። ለዳሪየል ግን አንድ ብርጭቆ እንዲጨመር ፈቅጄ አላውቅም። ልጄ ዳሪየል ከእኩዮቹ ጋር ከደቡቡ ዳርቻ በጀልባ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም። ጀልባዋ አልተገኘችም። ሬሳ አልተገኘም። ያልተገኘ ነገር ጠፋ ይባላል እንጂ ሞተ አይባልም።

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው የእኔ ብርጭቆ የሲጋሮቹ ነው። ዳሪየል በተወለደ ሰሞን ኤቬልዮ ከዚያ ዓመት መከር ምርጡን ቅጠል ለይቶ አንድ ወፍራም ጥቅል ሲጋር ሠራ፤ በቢጫ የሐር ጥብጣብ አሰረና "ለልጄ ሰርግ" ብሎ በገዛ እጁ ከዝግባ በሠራው ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው። ሲጋር በደንብ ከተያዘ የሰው ዕድሜ ይኖራል፤ ከሰውም ይሻላል፣ ሳያለቃቅስ ነው የሚያረጀው። አያያዙ ግን ወግ አለው። ግድግዳ ነክቶ አይቀመጥም፤ ግድግዳ ያልበዋል። ፀሐይ አያገኘውም። ዝግባው ነቀዙን ያርቃል፣ አጠገቡ የቆመው ውሃ ደግሞ ወዙን ይጠብቅለታል። በየጊዜው አንዱን አንሥተሽ ከጆሮሽ ሥር በሁለት ጣት ትጫኚዋለሽ። ከተንኮሻኮሸ ጠምቶታል። ዝም ብሎ ገባ ካለና መልሶ ከተነፋ በሕይወት አለ። ጣትሽ የገባበት ጎድጉዶ ከቀረ ግን ውሃ በዝቶበታል፣ በማግሥቱ ነጭ ሻጋታ ይለብሳል። ለዚህኛው የትምባሆ ሰዎች የራሳቸው ቃል አላቸው፣ ባሕር ለወሰደው ሰው የሚባለውን ቃል፤ እኔ ግን ልጄ ከሄደ ወዲህ ያንን ቃል በአፌ አልጠራውም።

ፍሪጅ ደግሞ አያሳዩት። ኦቪድዮ ያ ሞኝ፣ ላሚቱ ሳትበቃው፣ ሲጋሩን ፍሪጅ ውስጥ ከዓሣ ጋር አስቀመጠ። መብራት ሄደ፤ መጣ፤ ደግሞ ሄደ። በእህቱ ልጅ ልደት ቀን ቢለኩሰው የመንደሩ ድመቶች ሁሉ ተከትለውት ዋሉ።

ኤቬልዮ ሊሞት ሲል ስለ ነፍሱ አንድም ነገር አልነገረኝም። "እንዳይደርቁ" ነው ያለኝ። "ልጁ እስኪመጣ እንዳይደርቁ።" አልደረቁም። ማንም ምን ይበል፣ አልደረቁም።

ዘንድሮ ግን ያ ክፍል ጠባዩ ተለውጧል። ሰው ሁሉ ምሳውን በልቶ ጋደም በሚልበት ሰዓት አዲስ የተለኮሰ ሲጋር ይሸተኛል። የቆየ ጭስ አይደለም፤ አፍ ላይ ያለ፣ ሰው አሁን ስቦ የለቀቀው ጭስ ነው። ቤታችን ውስጥ የሚያጨስ የለም። ሄጄ ስከፍት ጥቅሉ እንዳለ ነው፣ ጥብጣቡም እንደታሰረ። ማለዳ ማለዳ ደግሞ በብርጭቆው ጎን ላይ ጥቃቅን አረፋ ተለጥፎ አገኛለሁ፤ ኔሬይዳ አረፋ ሙት መጥቶ የጠጣበት ምልክት ነው ባይ ስለሆነች፣ እንዳታየው በጣቴ እጠርገዋለሁ። የዳሪየል ውሻ አርጅቷል፣ ለምግብ እንኳ ቶሎ አይነሣም። በዚያች ሰዓት ግን ተነሥቶ ቁም ሳጥኑ ሥር ይሄድና ጭራውን ይቆላል። እኔ ስመጣ ያቆማል።

እንግዲህ ያን ቀን ከኔሬይዳ ጋር ተኮራርፈን፣ እሷ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ምስር ስንለቅም፣ ያኔሊስ በረንዳው ላይ ብቅ አለች። ያኔሊስ የዳሪየል እጮኛ ናት። ነበረች። ጣጣው ሁሉ ያለው እዚህች ቃል ላይ ነው። ልጄ ከሄደ በኋላ ወደ ትምባሆ ቤቱ ወስጄ ቅጠል መለየት ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠርተናል፤ ዛሬ ጣቶቿ ከእኔ ጣቶች ይፈጥናሉ። ይህን ግን ለእሷ አልነገርኳትም፤ ሰው ሲመሰገን ይበላሻል።

ጫማዋን አራግፋ ገባችና ጉንጬን ሳመችኝ። ከጠጉሯ ውሃ ይንጠባጠባል። ማንጎው ሥር አንድ የፈረስ ጋሪ ቆሟል፤ አጠገቡ ባርኔጣው የረገበ ሰው።

"ያ ዛፍ ሥር የቆመው ሰው ነው ወይስ ሁለተኛ ፈረስ?" አልኳት።

"ሮይደል ነው፣ እማማ።"

"ታዲያ ግባ አይባልም? ቤቴ ያፈሳል ብለሽ ነግረሽው ነው?"

"እርስዎ ካልጠሩት አልገባም ብሎ ነው።"

ኔሬይዳ ምስሩን መልቀም አቆመች። ይህች ሴት ወሬ ከሩቅ ይሸታታል።

ያኔሊስ ተቀመጠች፤ ቀሚሷን ከጉልበቷ ላይ ጨምቃ ለቀቀችው። "ቅዳሜ ልንጋባ አስበናል" አለች።

"ማን ከማን?" አልኩ፣ እያወቅሁ።

"እኔና ሮይደል። እርስዎ ካሉ።"

"እኔ ምን አገባኝ? ዳኛ ነኝ? ቄስ ነኝ?"

"እርስዎ የዳሪየል እናት ነዎት።" አለች። "እማማ፣ ሰው ሁሉ የየራሱን ይነግረኛል። አንዷ አግቢ፣ ሌላዋ ነውር ነው ትለኛለች። እኔ የማንንም አልሰማሁም። የእርስዎን ነው የምሰማው። ይመጣል ካሉኝ፣ አሁን ወጥቼ ሮይደልን ወደ ቤቱ እመልሰዋለሁ። አይከፋኝም። እጠብቃለሁ። እርስዎ ግን ሳይደብቁኝ የልብዎን ይንገሩኝ።"

ጎንበስ ስትል ከጆሮዋ በላይ ነጭ ጠጉር አየሁ። ዳሪየል ሲሄድ ከአውራ ዶሮ ጋር የምትሯሯጥ ልጅ ነበረች።

አንዲት ቃል ብቻ ነበረች ከእኔ የምትፈለገው። ያኔሊስ ከሄደች እኔና ያ ቁም ሳጥን ብቻችንን መቅረታችን ነው። እሷ እስካልተዳረች ድረስ የሰርጉ ሲጋር የሰርግ ሲጋር ነው፤ ሙሽሪት አለች፣ የቀረው ሙሽራው መምጣቱ ነው። ከተዳረች ግን እኔ የማስታምመው ምንድን ነው? የደረቀ ቅጠል ነው።

"ይመጣል" አልኩ።

ኔሬይዳ ትንፋሿን ሳበች። ያኔሊስ አልተከራከረችኝም። ቢያንስ ፊቷን ብታጠቁርብኝ፣ ብታለቅስብኝ እኔም የምመልሰው ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን "እሺ፣ እማማ" ብላ ተነሣች፤ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ወደ በሩ ሄደች። ዛፉ ሥር ያለው ሰውዬ ስትወጣ ሲያያት ባርኔጣውን አወለቀ። በዚያ ሁሉ ዝናብ!

"ኤርሚንያ!" አለች ኔሬይዳ፣ የምስሩን ሰፌድ መሬት ላይ አስቀምጣ። "እግዜርን አትፈሪም? በአፍሽ ይመጣል ትያለሽ፣ በእጅሽ ውሃውን ትሞዪለታለሽ! ብርጭቆውን ከሁላችን ቀድመሽ ያስቀመጥሽለት አንቺ ነሽ። የእኔ ጠረጴዛ ላይ፣ በነጩ ጨርቅ ላይ ስላልሆነ ነው? ቁም ሳጥን ውስጥ ስለደበቅሽው የእርሱ ያልሆነ መሰለሽ?"

"ለትምባሆው ነው! ዕድሜ ልኬን ለትምባሆው ነው የማስቀምጠው! ትምባሆ ካልጠጣ ይደርቃል፣ ይህን የምታውቀው እዚህ ቤት እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ያኔሊስ! ንገሪያት!"

ያኔሊስ በሩ ላይ ቆመች። አንድ እግሯ ዝናቡ ውስጥ ነበር።

"በዝናብ ወራት፣ እማማ?" አለች ቀስ ብላ።

ይህችን አንዲት ነገር ሳልናገር ያለፍኳት አውቄ ነው። በበጋ ነው ብርጭቆ የሚቀመጠው፤ ዝናብ ሲገባ ይወጣል። አየሩ ራሱ ውሃ ስለሆነ ትምባሆው የሚጠጣውን ጠጥቶ ጠግቧል፤ በዚያ ላይ ብርጭቆ ካስጠጋሽበት በሳምንቱ ነጭ ጠጉር ያበቅላል። ኤቬልዮ የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ ከምሳው ላይ ተነሥቶ ብርጭቆውን ያወጣ ነበር። ያኔሊስ ይህን ከየት አወቀችው? ከእኔ። ምላሴ ይቆረጥ፣ ከእኔ ነው የተማረችው።

ኔሬይዳ አንዴ እኔን አንዴ ያኔሊስን ታያለች፤ አልገባትም። እሷ ትምባሆ ሲጨስ አይታለች እንጂ ትምባሆ አታውቅም።

"ዝናቡ ሲገባ ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ ነበር" አልኩ። ለማን እንደምናገር እንጃ፤ ለምስሩ መሰለኝ። "ማውጣቱን ረሳሁት። ስነሣ ሻጋታ እየጠበቅሁ ብከፍት ብርጭቆው ደርቋል። ጠብ የሚል የለበትም። ሞላሁት። ደግሞ ደረቀ። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ጡቴ ሥር ይዤ ተኛሁ፤ ደረቀ። ሞላሁት። ሌላ ምን ላድርግ? ትቼው ልሂድ?"

"ሲጋሮቹስ?" አለች ያኔሊስ።

ሁለቱም ተከተሉኝ። ቁም ሳጥኑን ስከፍት የዝግባውና የትምባሆው ሽታ እንደ ሰው ትንፋሽ ፊታችን ላይ መጣ። ጥቅሉን አወጣሁና ለያኔሊስ ያዝኩላት። አልጠየቀችኝም፤ ከዳር ያለችውን ሲጋር ጆሮዋን አስጠግታ በሁለት ጣቷ ተጫነቻት፣ እኔ እንዳስተማርኳት። አልተንኮሻኮሸም። ቅጠሉ ገባ አለ፤ መልሶ ተነፋ። ሌላዋን ተጫነች። ሌላዋንም።

"ደህና ናቸው" አለች።

"ደህና ናቸው" አልኩ።

"ደህና መሆን አልነበረባቸውም፣ እማማ።"

"አላውቅም መሰለሽ?"

ውሻው እየተንገዳገደ ገባና በመካከላችን አልፎ ቁም ሳጥኑ ሥር ቆመ። ጭራውን ቆላ። ያኔሊስ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"ልጁ የተረፈውን ውሃ እየወሰደላቸው ነው" አለች ኔሬይዳ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትሰብክ፣ ሳትኩራራ፣ እንደ ሕፃን ቀስ ብላ ነው ያለችው። "እንዳይበዛባቸው።"

አፍሽን ዝጊ አላልኳትም።

ሲጋሮቹን ይዤ ቆሜ ስንት ነገር አሰብኩ። ኤቬልዮን ሰደብኩት፤ ልጅ ሳይኖር የልጅ አደራ ጥሎብኝ በመሄዱ። ባሕሩንም ሰደብኩት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄድኩና ማንጎው ሥር ያለውን ሰው አየሁት። ባርኔጣውን አሁንም በእጁ ይዟል፤ ራሱ ላይ ውሃ ይወርዳል፣ ፈረሱን ግን በገዛ ኮቱ ሸፍኖታል። የማይረባ ሰው ለፈረስ ኮቱን አያወልቅም።

ጥብጣቡን ፈታሁት። ኤቬልዮ ያሰረው ቋጠሮ ነበር፤ ጥርስ ስለሌለኝ በጥፍሬ ነው የፈታሁት። ከመሐል አንዲት ሲጋር መዘዝኩና ቁም ሳጥኑ ውስጥ መለስኳት። የቀረውን መልሼ አሰርኩ። የእኔ ቋጠሮ እንደ እርሱ አያምርም፣ ግን ይይዛል።

"ኔሬይዳ" አልኩ፣ "ያንን ሰው ጥሪው። እግሩን ይጥረግ በዪው። ከጓሮ የዘንባባ ልጥ ይዞ ይግባ፤ ጥቅሉን በእርሱ ነው የምናለብሰው። ደረቱ ሥር ይያዘው፣ ፈረሱ አጠገብ እንዳያስቀምጠው፤ የፈረስ ላብ ይገባበታል። እናቱ ፍሪጅ አላት?"

"አላት" አለች ያኔሊስ።

"እንዳታስጠጋው!"

"እማማ፣ እኔ ይህን መውሰድ አልችልም። የዳሪየል ነው።" አሁን እያለቀሰች ነበር። ሮይደልን ሂድ ልትለው ስትወጣ ያላለቀሰች ልጅ፣ አሁን ንፍጧ ሁሉ ወጣ።

"የሰርግ ነው" አልኳት። "ኤቬልዮ ለሰርግ ብሎ ነው የሠራው። የዳሪየል አንዷ እዚህ ናት፤ እሷን ማንም አይነካትም፣ አንቺም ብትሆኚ። ሌሎቹን ሽማግሌዎቹ ያጭሷቸው። እስከ መጨረሻው ያጭሷቸው፣ ፎቶ ተነሥቶ ግማሹን መጣል የለም። ኦቪድዮን ደግሞ ከሁሉም ኋላ ስጡት።"

ሳቋና ልቅሶዋ ተደባለቀ። ኔሬይዳ ሻርቧን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች፤ ከበረንዳው ላይ "አንተ ሰው! እግርህን ጥረግ ተብለሃል!" ስትል ሰማኋት። ይህን ያህል በደስታ ስታዝዝ ሰምቻት አላውቅም።

ማሰሮውን አመጣሁና ብርጭቆውን እዚያው ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደቆመ ሞላሁት። ቀስ ብዬ፣ እስከ አፉ። ለትምባሆ እንዲህ አይሞላም፤ ከግማሽ አያልፍም። ላነሣው እጄን ዘረጋሁ። በእነዚህ እጆች ኤቬልዮን አጥቤ ገንዤዋለሁ፤ አንድም ቀን አልከዱኝም። ያን ጊዜ ግን ከቁም ሳጥኑ አፍ አላለፉም። መልሼ ከሽርጤ ሥር ደበቅኋቸው።

ያኔሊስ አየችኝ። ልትናገር አፏን ስትከፍት ቀደምኳት።

"ምን ታፈጥጪብኛለሽ? ነይ፣ አንቺ አንሺው" አልኳት። "በሁለት እጅሽ ያዢው። ሳሎን ወስደሽ በነጩ ጨርቅ ላይ፣ ከአባቱ አጠገብ አስቀምጪው፤ ከዚያ ሰካራም ጎን እንዳይሆን! አንዲት ጠብታ መሬት ላይ ብታፈሺ ደግሞ ቅዳሜ ሰርግሽ ላይ አታዪኝም።"